ጠለፋና ወንድነት በቴአትር መድረክ

ጠለፋ ማለት ወንድ የፈለጋትን ሴት ያለ ፈቃዷ በኀይል ወስዶ ሚስቱ የሚያደርግበት ልማድ ነው። ጠላፊው ብቻውን አይደለም፤ ጓደኞቹ ያግዙታል፤ ድፍረቱንም ወንድነት ብለው ያወድሱለታል። ከዚያም ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ቤተ ዘመድ ያስታርቃሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ሳትጠየቅ የምትቀረው ልጅቱ ናት።

አቶ መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓመታት «ጠልፎ በኪሴ» የተባለውን አስቂኝ ቴአትር የደረሱት ስለዚሁ ልማድ ነው። በቴአትሩ ውስጥ ጠለፋውን የሚያሤሩት ባላገሮች ሳይሆኑ የተማሩ የከተማ ወጣቶች ናቸው። ተመልካቹ በመጀመሪያ ይሥቃል፤ ቀጥሎ ግን ትምህርት ብቻውን የወንድነትን ትርጕም እንዳልለወጠው ይገነዘባል።

ሕጉም ከሽማግሌዎቹ ዕርቅ ብዙ አልራቀም ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢቀጣም፣ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ ይቀር ነበር። በጠላፊዋ እጅ ያለች ልጅ ፈቃድ ምን ያህል ነጻ እንደሚሆን አንባቢው ይፍረድ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ጋብቻውም ከቅጣት አያድነውም።

ይሁን እንጂ ሕግ ጠላፊውን ይቀጣል እንጂ ያጨበጨበለትንና ዝም ያለውን አይደርስበትም፤ መድረክ ግን ይደርስበታል። በአዲስ አበባ ተመልካቹ በማያውቀው ሰው ይሥቃል። በደሴና በወልድያ መካከል ባለችው በትንሿ ከተማ በውርጌሳ ተማሪዎች ይህን መሳይ ቴአትር ቢያሳዩ ግን ሽማግሌውም፣ ሚዜውም፣ እናቲቱም ከተመልካቾቹ መካከል ይገኛሉ። ያን ጊዜ «ልጅቱን ማን ጠየቃት?» የሚለው ጥያቄ የቴአትሩ ሳይሆን የእነርሱ ይሆናል።