ለሽርሽር ተሠርታ ለዘበኝነት የዘመተች መርከብ

የፈላ ድስት ክዳኑን ሲያንቀጠቅጥ አይታችኋል። ክዳኑን የሚገፋው እንፋሎት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ትልልቅ መርከቦች የሚሄዱት በዚሁ ኃይል ነበር። በመርከቧ ሆድ ውስጥ ሰዎች የድንጋይ ከሰል በአካፋ እየዛቁ እሳት ይማግዳሉ። ውሃው በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ የብረቱን ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ ደግሞ ከመርከቧ ጭራ በታች ውሃ ውስጥ ያለውን ማሽከርከሪያ ያዞራል። መርከቧም ትሄዳለች።

እንዲህ ካሉት መርከቦች መካከል ጭነት የማይጭኑም ነበሩ። የናጠጡ ሀብታሞች ለሽርሽር ብቻ ያሠሯቸው ናቸው። «አልሴዶ» አንዷ ነበረች። በ1895 በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ ናቸው) ስኮትላንድ ውስጥ በግላስጎው ከተማ ተሠራች። ርዝመቷ 84 ሜትር ያህል ነው። ስንት የጣና ታንኳ ቢቀጣጠል እንደሚደርስባት እስቲ አስሉት! በኋላ ባለቤቷ ጆርጅ ቻይልድስ ድሬክሰል የሚባል የፊላደልፊያ ባለጸጋ ነበር።

ታዲያ የሽርሽር መርከብን ጦርነት ምን አገባት? በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ያገኙትን የጭነት መርከብ ያለ ማስጠንቀቂያ ማስጠም ጀመሩ። በኤፕሪል ወር ብቻ ከ800 ሺህ ቶን በላይ የሚሆኑ መርከቦች ጠፉ። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው በዚያው ወር ነው። ወታደርና ስንቅ ወደ ፈረንሳይ መሻገር አለበት፤ አጃቢ መርከብ ግን አልበቃም። አዲስ እንሥራ ቢባል ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ባሕር ኃይሉ የሀብታሞችን መርከቦች በግዢም በኪራይም ሰበሰበ።

ምንጣፉና ውዱ ዕቃ ይወጣል፤ ነጩ ቀለም በግራጫ ይሸፈናል፤ መድፍ ይተከላል፤ ሰርጓጅ የሚመታ የውሃ ውስጥ ቦምብም ይጫናል። ቀለሙ ተለወጠ እንጂ የመርከቧ አካል ያው ነው። ያሠሯት ሰዎች ያሰቡት ስለ ምቾት ነበር፤ ጎኗ ቢቀደድ ምን ይውጣታል ብሎ ያሰበ የለም።

ያም ሆኖ ብዙዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። የባንኩ ከበርቴ የጄ ፒ ሞርጋን መርከብ «ኮርሴር» የመጀመሪያዎቹን የአሜሪካ ወታደሮች ካጀቡት አንዷ ነበረች። በ1919 በደህና ወደ ባለቤቷ ተመለሰች።

አልሴዶ በኦገስት 1917 መጨረሻ ፈረንሳይ አገር ብሬስት ወደብ ደረሰች። ሥራዋ አጀባ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ሽፍታ ፈርቶ በቅፍለት ይጓዝ እንደነበረ ሁሉ፣ የጭነት መርከቦቹም ተሰባስበው ይሄዱ ነበር። እሷ ትጠብቃለች።

ኖቬምበር 5 ቀን፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ዩሲ-71 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ ቶርፒዶ ለቀቀችባት። ቶርፒዶ ውሃ ለውሃ በራሱ ሞተር የሚሄድ ፈንጂ ነው። በ8 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ስምንት ደቂቃ ቡና ለመቁላት እንኳ አይበቃም፤ እነሱ ግን በዚያች ጊዜ ከእንቅልፍ ነቅተው በጨለማ ጀልባ ማውረድ ነበረባቸው። 21 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ጦርነት ጠላት ያሰጠማት የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ እሷ ናት።

ከተረፉት አንዳንዶቹ በትንንሽ ጀልባ ሆነው ወደ ፈረንሳይ ጠረፍ አቀኑ። ነግቶም ገና ባሕር ላይ ነበሩ። የፈረንሳይ የጦር ጀልባ ያነሳቻቸው ከቀትር በኋላ ነው።