ሰርቮ ለምን ከመሐሉ ያረጃል?

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ የሄደ ሰው፣ አሽከርካሪው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንኳ መሪውን ወዲህና ወዲያ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ እንደሚነዳ ሳያስተውል አይቀርም። ጠጠርና ጉድጓድ ጎማውን በገፋው ቁጥር እጁ ወደ መሐል ይመልሰዋል። በሬዲዮ ሞገድ በሚታዘዙ ትንንሽ መኪናዎች ውስጥ ይህን ተግባር የሚያከናውነው ሰርቮ የተባለው መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰርቮ እንዴት እንደሚሠራና የትኛው ክፍሉ ቀድሞ እንደሚያረጅ እንመለከታለን።

የሰርቮ አሠራር

በሰርቮ ውስጥ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉ። እነርሱም ትንሽ ሞተር፣ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሰው የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚያሳድጉ ጊሮች፣ ፖቴንሺዮሜትር እና የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ናቸው። በተለመደው አሠራር ሰርኪቱ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይቀበላል። ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ሲቆይ ዘንጉ መሐል ላይ እንዲሆን ያዛል፤ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ሲያጥር ወደ አንዱ ጎን፣ ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ሲረዝም ደግሞ ወደ ሌላው ጎን እንዲዞር ያደርጋል። ፖቴንሺዮሜትሩ ዘንጉ ያለበትን ቦታ በቮልቴጅ ይገልጻል። ሰርኪቱም የታዘዘውን ከተገኘው ጋር አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ እስኪጠፋ ድረስ ሞተሩን ያሽከረክራል። ይህ ሂደት ግብረ መልስ ይባላል።

እርጅናው የሚጀምርበት ሥፍራ

መኪናይቱ አብዛኛውን ጊዜዋን የምታሳልፈው ቀጥ ብላ በመሄድ ነው። በመሆኑም በመሐል አካባቢ የሚገጣጠሙት ጥቂት የጊር ጥርሶች ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው ይፋተጋሉ። በፖቴንሺዮሜትሩ የካርቦን ንጣፍ ላይ የሚንሸራተተው የብረት ምላስም ያንኑ ጠባብ ሥፍራ ይፍቃል። እንደ አርባ ምንጭ ቆላ ባለ አቧራማ ሥፍራ ችግሩ ይብሳል፤ ወደ ውስጥ የገባ አቧራ ከግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ጥርሶቹን እንደ ሞረድ ይበላልና።

ጉዳቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እናስላው። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያላት መኪና የፊት ጎማዎቿ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፉ፣ 14 ሜትር ያህል ራዲየስ ያለውን ክብ ተከትላ ትዞራለች። 10 ሜትር ስትጓዝም ከቀጥታው መስመር ከ3 ሜትር በላይ ትወጣለች። ተቆጣጣሪው ይህን ለማስተካከል መሪውን ደጋግሞ ያንቀሳቅሳል፤ ያም እንቅስቃሴ መሐሉን ይበልጥ ይፍቀዋል። ልቅነት እርማትን፣ እርማትም ልቅነትን ይወልዳል።

ችግሩን እንዴት እንለየዋለን?

ብዙ ተማሪዎች መኪናቸው መንገድ ስትስት ኃይለኛ ሰርቮ ለመግዛት ይቸኩላሉ። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ቀላል ፍተሻዎችን ማድረግ ይገባል። በመጀመሪያ ባትሪውን አላቅቀን ጎማውን በቀስታ እናነቃንቅ። ጎማው ተንቀሳቅሶ የሰርቮው ክንድ ባለበት ከቀረ፣ የላላው ክንዱንና ጎማውን የሚያገናኘው ዘንግ እንጂ ሰርቮው አይደለም። ሁለተኛ፣ ክንዱን ራሱን እናነቃንቅ፤ የሞተሩ ተቃውሞ ከመሰማቱ በፊት ክንዱ በነፃ የሚሄደው ርቀት የጊሮቹ ልቅነት ነው። ሦስተኛ፣ ባትሪውን መልሰን ሰርቮውን በተለያዩ ማዕዘኖች እናቁመው። መሐል ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መሐሉ ተፍቋል ማለት ነው፤ በሁለተኛው ፍተሻ ጊሮቹ ደኅና ከተገኙ ደግሞ ጥርጣሬያችን በፖቴንሺዮሜትሩ ላይ ይወድቃል። በሁሉም ማዕዘን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን አስቀድመን ባትሪውንና የሬዲዮ ግንኙነቱን መመርመር ይኖርብናል።

የፕላስቲክ ጊርን በብረት ጊር መተካት የተሰበረ ጥርስን ችግር ያቃልላል፤ የተፋቀ ፖቴንሺዮሜትርን ግን አያድንም። አንዳንድ ውድ ሰርቮዎች የዘንጉን ቦታ ያለ ንክኪ፣ በማግኔት መስክ የሚለኩት ለዚህ ነው።

በጥቅሉ መሣሪያን የሚያደክመው ትልቁ መጠምዘዝ ብቻ አይደለም። በአንድ ሥፍራ ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ትንሽ እርማትም ያደክመዋል። ስለዚህ ሰርቮን ስንመርምር ከመሐሉ እንጀምር።