በ32 ኪሎባይት ውስጥ የገባው ሰማይ
(ስለ ርካሹ ኮምፒዩተርና ስለ አሮጌው ጨዋታ)

ደመወዙ አነስ ያለ ሰው አዲስ ኮምፒዩተር በገዛ ጊዜ፥ ከጓደኞቹ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ጨዋታ ያጫውታል ወይ?» የሚል ነው። ባለቤቱም የኮምፒዩተሩን ዓይነት ሲነግራቸው ከንፈራቸውን ይመጡለታል። የዛሬ ዘመን ትልልቅ የቪዲዮ ጨዋታዎች ብዙ ሜሞሪና ውድ የሆነ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋሉና፤ በርካሽ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫኑ ሥዕሉ እየተቈራረጠ ይቆማል፥ አለዚያም ከነጭራሹ አይከፈቱም።

እኛ ግን ዛሬ ለአንባብያን ልንተርክ ያሰብነው ርካሹ ኮምፒዩተር ስለማይችለው ሳይሆን ስለሚችለው ነገር ነው። ይኸውም ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ አንድ ጨዋታ ነው። የጨዋታውና የኮምፒዩተሩ ታሪክ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ከዚያው ብንጀምር ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ተማሪዎች

በ1981 መጨረሻ አኮርን የተባለው የኬምብሪጅ ኩባንያ፥ ቢ ቢ ሲ ለሕዝብ ላሰበው የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሆን መሣሪያ አወጣ፤ ስሙም ቢ ቢ ሲ ማይክሮ ተባለ። ከሁለቱ ዓይነት የተሻለው 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ሲኖረው፥ ዋጋው በመጀመሪያ 335 ፓውንድ ነበር። 32 ኪሎባይት ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ማሰብ ይበቃል።

ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል በዚያን ጊዜ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እነርሱም በዚህች ጠባብ ሜሞሪ ውስጥ ሰማይን ከነከዋክብቱ ለማስገባት ተነሡ። የዘመኑ ጨዋታዎች አብዛኛዎቹ ለተጫዋቹ ሦስት ነፍስ ሰጥተው በጥቂት ደቂቃ የሚያልቁ ነበሩ። በሴፕቴምበር 1984 ኤሊት ተብሎ የወጣው የነርሱ ጨዋታ ግን ከዚህ ልማድ ወጣ። ተጫዋቹ አንዲት የጠፈር መርከብና 100 ክሬዲት ይዞ ላቭ ከምትባል ፕላኔት ይነሣል። ከዚያ በኋላ ይህን አድርግ፥ ያን ተው የሚለው የለም። እህል በርካሽ ገዝቶ ፋብሪካ ወደ በዛበት ፕላኔት ወስዶ ሊያተርፍ፥ ሽፍታ ሊያሳድድ ወይም ራሱ ሊሸፍት ይችላል። የተከለከለ ዕቃ ከጫነ ግን ፖሊስ ይከተለዋል።

የጨዋታው ዓለም 8 ጋላክሲ አለው፤ በየጋላክሲው 256 ፕላኔት ስለሚገኝ ጠቅላላው 2048 ይሆናል። ይህ ሁሉ ስም፥ ይህ ሁሉ የመንግሥትና የኑሮ ዓይነት እንዴት በ32 ኪሎባይት ውስጥ ሊገባ ቻለ? ምሥጢሩ ፕላኔቶቹ አንድ በአንድ ተመዝግበው አለመቀመጣቸው ነው። ሁለቱ ተማሪዎች ከጥቂት ቍጥሮች ተነሥቶ፥ ቍጥሮቹን እርስ በርሳቸው እየደመረ አዲስ ቍጥር የሚያወጣ ስሌት ሠሩ። ከሚወጣውም ቍጥር የፕላኔቲቱ ስምና ጠባይ ይቀዳል። ስሌቱ ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ስለሚሰጥ፥ ተጫዋቹ ትቷት የሄደውን ፕላኔት ሲመለስ እንደ ነበረች ያገኛታል። መዝገብ ቤት የሚሠራ አንባቢ ይህን ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል፤ ሁለት ሺህ ፋይል በመደርደሪያ ከማከማቸት ይልቅ፥ የተፈለገውን ፋይል በተፈለገ ጊዜ እንደ ገና የሚጽፍ አንድ ደንብ መያዝ ማለት ነው።

በዚሁ ሥራ መካከል የሚያሥቅ ነገርም አልጠፋም። ስሌቱ ካወጣቸው ጋላክሲዎች በአንደኛው የአንዲት ፕላኔት ስም በእንግሊዝኛ ነውር ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ጋላክሲው በሙሉ ተጣለ።

የተዘጋው በር

ቢ ቢ ሲ ማይክሮ ሲበራ ጨዋታ አይታይበትም ነበር፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ባዶ መስመር ብቻ ይታይ ነበር። ልጁ ለመጫወት እንኳ ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ ከጨዋታው ወደ ፕሮግራም መጻፍ ሳይታወቃቸው ተሻገሩ። በኋላ ግን ለጨዋታ ብቻ የሚሆኑ፥ ባለቤቱ ከፍቶ ሊመረምራቸው የማይችል መሣሪያዎች በየቤቱ ገቡ። ልጁ ተጫዋች ሆኖ ቀረ፤ የሚጫወትበት ነገር እንዴት እንደ ተሠራ የሚያሳየው በር ተዘጋበት።

ጉዳቱ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤበን አፕተን፥ የኮምፒዩተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቍጥር መቀነሱን፥ የሚመጡትም ቢሆኑ ፕሮግራም በመጻፍ ያላቸው ልምድ ከቀድሞዎቹ ማነሱን ተመለከተ። ስለዚህ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ራስበሪ ፓይ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ያው የኤሊት ደራሲ ዴቪድ ብሬበን ነበር። የመጀመሪያው ኮምፒዩተራቸው በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 በ35 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። በውስጡ የሚሠራው አርም የተባለው የቺፕ ዓይነትም ዘሩ ከአኮርን ነው፤ የኩባንያው መሐንዲሶች ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት የመጀመሪያው አርም ቺፕ በ1985 ሥራ ጀምሯል።

ወደ አሮጌው ሰማይ መመለስ

እኔ የያዝኩት በ2020 በ70 ዶላር የወጣውን ራስበሪ ፓይ 400 ነው። ኮምፒዩተሩ በሙሉ በኪቦርዱ ውስጥ ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ብቻ ይበቃል። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ስለ ሆነ፥ ከቢ ቢ ሲ ማይክሮ ከመቶ ሠላሳ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ይጫናል። ሥራው እንደ አስተርጓሚ ነው፤ አሮጌው ጨዋታ ለአሮጌው መሣሪያ የሚሰጠውን ትእዛዝ እየተቀበለ ለአዲሱ ያስረዳል። ጨዋታው ከቀድሞ መሣሪያው የወጣ አይመስለውም።

ኤሊትን በተማሪነቴ ዘመን በሰው ኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ጊዜ ሞክሬው ነበር። በትዝታዬ ሰፊና ያማረ ነበር፤ አሁን ስከፍተው ግን በጥቁር ላይ የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። የቀረውን ውበት ለካ የጨመርኩት እኔው ነበርኩ! የመጀመሪያውን ምሽት መርከቤን ወደ ጣቢያው ለማስገባት ስታገል አሳለፍኩ። ጣቢያው ያለ ማቋረጥ ይሽከረከራል፤ በሩ ጠባብ ነው፤ ከሽክርክሪቱ ጋር ያልተስማማ መርከብ ተጋጭቶ ይሰባበራል። ከነእህሌ ብዙ ጊዜ ተሰባበርኩ። ሰዓቱን ስመለከት ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር፤ በማግሥቱም በቢሮ ሳዛጋ ዋልኩ። አንባቢ ከዚህ ስሕተት ይማር።

በሦስተኛው ምሽት ግን ጨዋታውን ዘግቼ፥ ከኮምፒዩተሩ ጋር በሚመጣው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የፕላኔት ስም የሚያወጣ ስሌት ለመሥራት ሞከርኩ። ፕሮግራም መጻፍ ሙያዬ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ከስድስት ቍጥሮች ተነሥቶ ሃምሳ ስሞች ደረደረልኝ። አብዛኛዎቹ አፍ የማይሞላባቸው ነበሩ። ቢሆንም እኔ አንዱንም ሳልጽፈው የመጡ ስሞች ናቸውና፥ ከኤሊት ጦርነት ሁሉ ይልቅ ደስ አሰኙኝ።

ይህን ለማድረግ የግድ ራስበሪ ፓይ መግዛት አያስፈልግም፤ ሌላ ሰው የሠራበት ማንኛውም ርካሽ ላፕቶፕ ይበቃል። አሮጌ ጨዋታም ባለቤት እንዳለው አይዘንጋ፤ ስለዚህ ደራሲዎቹ ራሳቸው ለሕዝብ የለቀቁትን መምረጥ ይሻላል። ለምሳሌ በ1993 የወጣው ዱም የተባለው ጨዋታ የፕሮግራሙ ጽሑፍ በ1997 ለሁሉ ተለቅቋል፤ የሚፈልግ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንደሚባለው፥ ብዙዎቻችን የሌለንን ኮምፒዩተር ስንመኝ ያለንን ሳንመረምረው እናረጀዋለን። ሁለቱ የኬምብሪጅ ተማሪዎች ሰማያቸውን የሠሩት በእጃቸው በነበረችው 32 ኪሎባይት ነው። እንግዲህ ጓደኛችን «ጨዋታ ያጫውታል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀን፥ ያጫውታል ብለን ከመለስን በኋላ፥ ወንበር ስበን እንዴት እንደ ተሠራም ብናሳየው መልካም ነው።