ስም ያልተጻፈበት ሜዳሊያ

ቴምሩ ተቀምሶ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው ከተነሣ በኋላ፣ ለተራዊህ እስኪወጣ ድረስ ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ አንዲት አጭር የጨዋታ ሰዓት አለች። ልጆች አያቶቻቸውን ከብበው በሚቀመጡባት በዚች ሰዓት ሊነሣ የሚገባ አንድ ታሪክ እናካፍላችሁ።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያ በኩል የገባው የእንግሊዝ ጦር ብዙው ወታደሩ አፍሪካዊ ነበር። ከናይጄሪያ፣ የዛሬዋ ጋና ከሆነችው ጎልድ ኮስት፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንጋኒካ የተመለመሉ ናቸው። በናይጄሪያው ብርጌድ ውስጥ ከሰሜን የመጡ ሐውሳ ሙስሊሞች በርካታ ነበሩ።

ጦሩ የካቲት 18 ሞቃዲሾን ያዘ። ናይጄሪያውያኑ ጅግጅጋን አልፈው መጋቢት 12 ቀን የማርዳን መተላለፊያ ተዋጉ፤ መጋቢት 17 ሐረር ገቡ። መጋቢት 28 ጦሩ አዲስ አበባ ደረሰ። ከሞቃዲሾ እስከ አዲስ አበባ 40 ቀን ብቻ ፈጀ። ከምዕራብ አፍሪካ ጫፍ የመጣ ሙስሊም ወታደር የሐረርን መስጊዶች ሲያይ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ለማለት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ አንድ ወገን ብቻ የለውም። ጣሊያንም የሊቢያ፣ የሶማሊያና የኤርትራ ሙስሊሞችን አስካሪ አድርጋ አሰልፋለች። ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ ብሎ ነበር። በአንጻሩ ሶማሌው ዑመር ሰመተር ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ሆኖ በኦጋዴን ተዋግቷል፤ የቱርኩ ጄኔራል ወሂብ ፓሻም የደጃዝማች ነሲቡ አማካሪ ነበር። በቅኝ ገዥዎች ጦርነት ሙስሊም ከሙስሊም ጋር ተተኳኩሷል።

ለእንግሊዝ ወገን ወታደሮች የተሰጠው «የአፍሪካ ኮከብ» የተባለ ሜዳሊያ ነው። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ሲሆን ጥብጣቡ የበረሃ አሸዋ ይመስላል፤ መካከሉ ቀይ፣ በግራና በቀኙ ጥቁርና ፈዛዛ ሰማያዊ መስመር አለው። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኤርትራ ጎንደር እስከተያዘችበት እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ያገለገለ ይገባዋል። የንጉሡ ምልክት አለበት፤ የወታደሩ ስም ግን አልተቀረጸበትም።

ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ ወደ በርማ ተላኩ። ደመወዛቸው ከነጮቹ ያነሰ ነበር። የካቲት 20 ቀን 1940 ዓ.ም. አክራ ላይ አቤቱታቸውን ሊያቀርቡ በሰልፍ በወጡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ። ሜዳሊያ ደረት ላይ ማንጠልጠል መብት አላስገኘላቸውም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአያታችሁ ሳጥን ውስጥ የአርበኞች፣ የእንግሊዝም ሆነ የጣሊያን ሜዳሊያ ካለ፣ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት ትልልቆቹን ጠይቁ። የማን ነበር? ከየት ተነሣ? የት ዘመተ? በማን ሥር? ለአስካሪነት ያበቃው ውዴታ ነው፣ ግዴታ ወይስ ረኃብ? መልሱ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ጻፉት። በወረቀት አድርጋችሁ ከሜዳሊያው ጋር አኑሩት፤ ድምፃቸውንም በስልካችሁ ቅዱ።

ብረቱ ስም አልያዘም። ስሙን የሚያውቁት ዛሬ ከእኛ ጋር የሚያፈጥሩት አዛውንቶች ናቸው። ለዒድ ከመድረሳችን በፊት እንጠይቃቸው፤ ላለፉትም ዱዓ እናድርግ።

ረመዳን ሙባረክ!