ጠባቡን የእንግዳ ክፍል ለመኝታም ለምቾትም፦ የጎጃም ደጋ ቤት የሚያስተምረው

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓባይ በረሃ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ማርቆስ የሚደርስ መንገደኛ በቅድሚያ የሚፈልገው ማረፊያ ነው። ለሥልጠና ወይም ለመስክ ሥራ የተላከ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጁን ለማስመረቅ ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቤተሰብ፣ ወደ ጮቄ ተራራ የሚያቀና ጎብኚ ሁሉም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። በአነስተኛ ማረፊያዎች የሚያገኙት መልስ ብዙውን ጊዜ አልጋው ወለሉን የሞላበት፣ ሻንጣ የሚያርፍበትና ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ የታጣበት ጠባብ ክፍል ነው።

ለእንግዳ ማረፊያነት የሚውሉት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ የቆዩ አልቤርጎዎችና ፔንሲዮኖች፣ ሌሎቹ ደግሞ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ የሚገኙ ስቱዲዮዎች ናቸው። በ1996 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተጀምሮ በኋላ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ፕሮግራም ስቱዲዮን ከ20 ካሬ ሜትር በታች፣ ባለ አንድ መኝታ ቤትን ደግሞ ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር አድርጎ ነበር የነደፈው። ስፋቱ የተወሰነው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ነዋሪ የቤቱን ዋጋ ለመቀነስ እንጂ አራት እንግዶችን በአንድ ሌሊት ለማሳደር ታስቦ አልነበረም።

የአካባቢው የቱሪዝም ተስፋ ጥያቄውን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል። የጮቄ ተራሮች የሥነ ምህዳር መንደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም በርካታ እንግዶችን በአንድ ጊዜ የሚስብ ነው። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ ክፉኛ አቀዛቅዟል። ገቢው የቀነሰበት የማረፊያ ባለቤት አዲስ ሕንፃ ከመገንባት ይልቅ ያለውን ክፍል አሻሽሎ ማደራጀት የሚቀለው በመሆኑ፣ የክፍል አደረጃጀት ዕውቀት ከምንጊዜውም በላይ ጠቃሚ ሆኗል።

የአልጋው ሒሳብ

የማሻሻያው ሥራ የሚጀምረው ከግዢ ሳይሆን ከልኬት ነው። መታጠቢያውና ማብሰያው ተቀንሶ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 16 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን ክፍል ለአብነት መውሰድ ይቻላል። 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር የሆነ አልጋ ራስጌው ግድግዳውን ተደግፎ ከክፍሉ መሐል ሲቀመጥና በሁለቱ ጎኖቹና በግርጌው የ60 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ሲተውለት 7 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል። ይህም ከክፍሉ አርባ በመቶ በላይ ነው። አልጋው ወደ ማዕዘን ተጠግቶ አንደኛው ጎኑ ከግድግዳ ጋር ሲገናኝ ግን የሚይዘው ስፍራ ወደ 5 ካሬ ሜትር ተኩል ይወርዳል። በዚህ ብቻ የሚተርፈው 1 ካሬ ሜትር ተኩል ለአንድ ትንሽ ጠረጴዛና ለሁለት ወንበር ይበቃል።

ይህ አቀማመጥ የራሱ ጉድለት አለው። በግድግዳው በኩል የተኛው ሰው ሌሊት ለመነሳት ጎረቤቱን መሻገር ይኖርበታል። ለባልና ሚስት ወይም ለእናትና ልጅ ችግሩ ቀላል ሲሆን፣ አንድ ክፍል ተጋርተው ለሚያድሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ግን አይስማማም። ለእነርሱ የሚሻለው 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት አልጋዎች በተያያዙ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ራስጌ ለራስጌ በማዕዘን ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ አልጋዎች አንድ የጋራ መተላለፊያ ስለሚጠቀሙ የክፍሉ መሐል ነጻ ይሆናል። እግርን በፍራሽ ልክ መዘርጋት የሚለው አባባል ለክፍል አደረጃጀትም ይሠራል፤ የአልጋው ዓይነት የሚወሰነው በሚያድረው ሰው ማንነት ነው።

መደብና ቆጥ

አልጋን ቀን ላይ ለሌላ አገልግሎት ማዋል ለጎጃም ደጋ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በባህላዊው የሣር ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራው መደብ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። ጀንዲው ወይም ሰሌኑ ማታ ይነጠፋል፤ ጠዋት ተጠቅልሎ ይነሳል። ከወለሉ ከፍ ብሎ በእንጨት የሚረበረበው ቆጥ ደግሞ በጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ስፍራ ለመኝታ ያውላል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቆጥ ላይ የሚተኛ ሰው ከወለሉ ቅዝቃዜ ይጠበቃል።

ሁለቱም ወደ ዛሬው የእንግዳ ክፍል ሊመጡ ይችላሉ፤ ልኬታቸው ግን መጠበቅ አለበት። መደቡ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት ከተሠራ ለመቀመጥ ይመቻል፤ ከሥሩም ሻንጣና ትርፍ ብርድ ልብስ የሚገባበት ሳጥን ይወጣዋል። 90 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስፋቱ ለመደገፍ ስለሚርቅ፣ አልጋ ልብሱ ቀን ላይ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ጋር ሲደረደር ከፊት 55 ሴንቲ ሜትር ያህል መቀመጫ ይቀራል። ይህም የቀድሞው ጀንዲ ይጠቀለል የነበረበት አሠራር ነው።

ቆጥ በአንጻሩ ከፍታ ይጠይቃል። ከሥሩ ሰው ቆሞ እንዲያልፍ 2 ሜትር፣ ለርብራቡና ለፍራሹ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ ቀና ብሎ ለመቀመጥ 1 ሜትር ያስፈልጋል። ድምሩ 3 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ነው። ጣሪያው ሾጣጣ በሆነ ጎጆ ቅርጽ ባለው ሎጅ ይህ ከፍታ ሊገኝ ይችላል። ጣሪያው ዝቅ ባለ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ስቱዲዮ ውስጥ ቆጥ መሥራት ግን እንግዳውን አጎንብሶ እንዲኖር መፍረድ ነው። መወጣጫው ጽኑ፣ ዳርቻውም መከታ ያለው ካልሆነ ለሕፃናትና ለአረጋውያን አደጋ ያስከትላል።

ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚያስፈራው

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ብርቱ ቅዝቃዜ አለው። ወደ ጮቄ ሲወጣ ቅዝቃዜው ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና ጤና መመሪያ ለቀዝቃዛ አካባቢዎች የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳይወርድ ይመክራል።

ይሁንና ሙቀት ፍለጋ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ሕይወት የሚቀጥፍ ስህተት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጂን ከ200 እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ የተኛው ሰው ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ሳያስተውል ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር አደጋው ያለፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ጋዙን የሚያመነጨው ግን ያው ፍም ነው።

የክፍሉ ጥበት ጉዳዩን ያባብሰዋል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው 16 ካሬ ሜትር ክፍል ጣሪያው 2 ሜትር ተኩል ቢሆን የሚይዘው አየር 40 ሜትር ኩብ ነው። ሁለት ሰዎች ሲያድሩበት ለእያንዳንዳቸው 20፣ አራት ሰዎች ሲያድሩበት ደግሞ 10 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ተጨማሪ ፍራሽ በተነጠፈ ቁጥር የአየር ድርሻው ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ አልጋ ከመጨመሩ አስቀድሞ መታየት ያለበት የአየር መግቢያና መውጫው ነው። መስኮቱ በአልጋ ወይም በቁም ሣጥን መዘጋት የለበትም፤ በግድግዳው ከፍተኛ ክፍል ላይም ሁልጊዜ ክፍት የሆነ አነስተኛ የአየር መተላለፊያ ሊኖር ይገባል።

ሙቀቱን በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል። አልጋው ከውጭው ግድግዳ ይልቅ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ቢጠጋ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ ይቀንሳል። የግድ በውጭው ግድግዳ በኩል ከሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው ወይም ግድግዳውን በቀርቀሃ ምንጣፍ መሸፈን ይረዳል። የደጋ ቀርቀሃ በአዊና በጮቄ አካባቢ የሚበቅል፣ የእንጅባራ ባለሙያዎችም የቤት ዕቃ የሚሠሩበት በመሆኑ ከሩቅ የሚመጣ ግብዓት አያስፈልግም። ወፍራም መጋረጃ፣ የወለል ምንጣፍ፣ ጋቢና ቡሉኮ ሲጨመሩ እንግዳው ያለ እሳት ሞቆ ሊያድር ይችላል።

ከአስተዳደር አካላት የሚጠበቀው

ማሻሻያው የሕግ ገጽታም አለው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ወዲህ ሕንፃን መለወጥ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደግሞ በግል የተያዘውን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ለይቶ አስቀምጧል። በመሆኑም የስቱዲዮ ባለቤት የውስጥ አልጋውንና መደቡን እንደፈቀደ ቢያደራጅም፣ የውጭውን ግድግዳ ለመብሳት ሲያስብ አስቀድሞ የሚመለከተውን አካልና የነዋሪዎቹን ማኅበር ማማከር ይኖርበታል።

የእንግዳ ማረፊያዎችን የሚቆጣጠሩ የባህልና ቱሪዝም፣ የጤናና የከተማ ልማት ባለሙያዎችም በክፍሉ ውስጥ ያሉትን አልጋዎች በመቁጠር ብቻ ሊወሰኑ አይገባም። አንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያሳድር በበሩ ጀርባ እንዲለጠፍ፣ የአየር መተላለፊያው ክፍት መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ ማሳሰቢያ እንዲሰጥ ማድረግ ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። ለሠራተኞቻቸው ማረፊያ የሚይዙ መሥሪያ ቤቶችም በዋጋው ርካሽነት ሰበብ አራት ሰው በአንድ ክፍል ከማሳደራቸው በፊት ሊያጤኑት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የጎጃም ደጋ ገበሬ አንዱን መደብ ለመቀመጫም ለመኝታም ያዋለው ስፍራው ጠባብ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የዛሬው የማረፊያ ባለቤትም ክፍሉን ለክቶ፣ አልጋውን በቦታው አኑሮ፣ ለአየር መንገድ ከተወ በጠባብ ክፍል ውስጥ እንግዳውን በምቾት ከማሳደሩም በላይ ጠዋት በሰላም መነሳቱን ያረጋግጣል።