ያውቁ ኖሯል? አስኮ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው

የአዲስ አበባዋ አስኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የተጣደ ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ግቢዎ ውስጥ የቆመው አሮጌ ባለ ፎር ዊል ፒካፕ ግን የተሠራው በሌላ ሒሳብ ነው። በአሮጌ ቶዮታ ሃይሉክሶች ላይ የተለመደው ቴርሞስታት 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። የሞተሩ ውሃ እዚያ ሳይደርስ እንዳይፈላ የሚያደርገው፣ ማንም ልብ የማይለው የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ የታተመው 0.9 አፍኖ የሚይዘውን ግፊት ይናገራል፤ በዚህ ግፊት ንጹሕ ውሃ አስኮ ላይ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ከ20 ዲግሪ በላይ የሆነውን ይህን ትርፍ ያሳጣዎታል። ኩላንት ብቻውን አይበቃም ወይ ይሉ ይሆናል፤ ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል መፍያውን ከፍ የሚያደርገው በ7 ወይም በ8 ዲግሪ ነው፤ ዝገት ስለሚከላከል ግን አይተዉት።

ክዳኑን የሚፈትሹት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ከከፈቱት ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ ውሃው እዚያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።