የፈረስ ድርቆሽና መኖ አቀማመጥ

ድርቆሽ በእርጥብነቱ ታጭዶ በፀሐይ የደረቀና ለበጋ የሚቀመጥ ሣር ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በሱሉልታ፣ ሣሩ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ይከመራል ወይም በማሽን ይታሰራል። የጋሪ ፈረሶች ከድርቆሽ ሌላ ጭድ፣ ገብስና ፉርሽካ ይመገባሉ።

እሳት

በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ያለ ክብሪት ሊቃጠል ይችላል። የታጨደ ሣር እርጥበት እስካለው ድረስ ይተነፍሳል፤ በላዩ ያሉ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎችም ይራባሉ። ሁለቱም ሙቀት ያመነጫሉ፤ ድርቆሽ ደግሞ ሙቀት በቀላሉ ስለማያሳልፍ የክምሩ መሐል እየጋለ ይሄዳል። ሙቀቱ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ጥቃቅን ሕዋሳቱ በአብዛኛው ይሞታሉ፤ ነገር ግን እስከዚያ የተጀመረው ኬሚካዊ ለውጥ ሙቀቱን የበለጠ ይጨምረዋል፣ በቂ አየር ሲያገኝም ይነዳል። ስለዚህ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ ሣር መታሰር የለበትም። አደጋው የሚበረታው ከታሰረ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው። የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታና ከክምሩ የሚወጣ እንፋሎት ምልክቶቹ ናቸው። የጋለውን ክምር ለማብረድ ብሎ መበተን ኦክስጅን ስለሚያስገባ ድንገት ሊያቀጣጥለው ይችላል፤ አስቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ይሻላል። ድርቆሽ ፈረሶች ከሚያድሩበት ጋጣ በተለየ ቤት እንዲቀመጥ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሻጋታና መርዝ

ፈረስ የበላውን ማስታወክ አይችልም፤ እንደ በሬም አንዳንድ መርዞችን አስቀድሞ የሚያዳክም ጨጓራ የለውም። ስለዚህ በሬ የሚችለው የተበላሸ መኖ ፈረስን ሊገድል ይችላል። የሻገተ ድርቆሽ አቧራ ሥር የሰደደ ሳልና የመተንፈስ ችግር ያስከትላል። በሻገተ በቆሎ ውስጥ የሚገኘው ፉሞኒሲን ደግሞ የፈረስን አንጎል ያጠቃል። ሻጋታ የሌለበት መኖም ቢሆን ሊመርዝ ይችላል፦ በአንዳንድ የዶሮና የከብት መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት በጥቂቱም ቢሆን የፈረስን ልብ ይጎዳል። የዶሮ መኖ የነበረበት ጆንያ ለፈረስ ገብስ አይሆንም።

አቀማመጥ

ድርቆሽ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር፣ አየር እንዲዘዋወርበት ሆኖ ይቀመጣል። በፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል እርጥበቱን ያፍነዋል። እህልና ፉርሽካ አይጥ በማይበሳው፣ ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ይቀመጣሉ፤ አዲሱ ከመጨመሩ በፊት አሮጌው ይወጣል። የመኖ ቤቱ በር መቆለፍ አለበት። ፈረስ ገብቶ እህል እንደልቡ ከበላ ለሞት የሚያደርስ ቁርጠትና የሰኮና ብግነት ሊይዘው ይችላል፤ ብግነቱ ከሰዓታት በኋላ ስለሚታይ ምልክት ሳይጠብቁ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።